ነጭ ወይስ ጥልቅ አረንጓዴ? የመማሪያ ክፍል ቀለም በቦንጋ



የዛሬው ንግግሬ ቀላል በሚመስል ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በቦንጋ የሚገኝን አንድ የመማሪያ ክፍል ነጭ እንቀባው ወይስ ጥልቅ አረንጓዴ? ጥያቄው የጌጥ ቢመስልም በመሠረቱ የብርሃን ጥያቄ ነው።

ቦንጋ የምትገኘው ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት በመዘገበው የካፋ ደን አካባቢ ነው። የዝናቡ ወራት ረጅም ናቸው፤ ሰማዩም ብዙ ጊዜ በደመና ይሸፈናል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ ለተማሪው የሚቀሩለት መስኮቱና ግድግዳው ብቻ ናቸው።

ጥሩ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ጥልቅ አረንጓዴ ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል። የተመለሰው ብርሃን ደግሞ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል። የክፍሉ ገጽታዎች በአማካይ ግማሹን ቢመልሱ፣ በምልልሱ በድምሩ የሚያርፍባቸው ብርሃን በመስኮት ከገባው 2 እጥፍ ይሆናል፤ 80 በመቶውን ቢመልሱ 5 እጥፍ ይደርሳል። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ተማሪ ልዩነቱ ብዙም ላይታወቀው ይችላል። በመጨረሻው ጥግ ያለው ግን በአመዛኙ የሚያነበው ግድግዳው በሚመልስለት ብርሃን ነው።

ይሁን እንጂ አረንጓዴውም ጠበቃ አያጣም። ጭቃ የረገጠ ጫማ፣ እርጥብ ቦርሳና የልጆች እጅ ነጩን ግድግዳ በአንድ ክረምት ያጎድፉታል። ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም እድፍ አያጎላም፤ በውሃም ይታጠባል። በተጨማሪም ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን ልዩነት ያጎላሉ። ስለዚህ ነጩ ከጥልቁ አረንጓዴ አጠገብ ይበልጥ ነጭ መስሎ ይታያል። መስሎ መታየት ግን ለደብተሩ ብርሃን አይጨምርም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እርጥበት ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም ቢቀባ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ይልጠዋል። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ የሚያስተነፍሰው ኖራ ይሻላል።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከታች ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም፣ ከላይ ነጣ ያለ ቀለም መቀባት የተለመደ ነው። ልማዱ ሁለቱን ያስታርቃል። እኔ የምጠይቀው የድንበሩን ከፍታ ነው። አረንጓዴው እጅና ቦርሳ ከሚደርሱበት አይለፍ፤ የቀረው ግድግዳና ኮርኒሱ ነጭ ይሁኑ። ድንበሩ በአንድ ስንዝር ከፍ ባለ ቁጥር፣ የሚቀነሰው ከኋላኛው ተማሪ ብርሃን ነውና።