በደጋ አገር የሚግል ፕሮሰሰር

የመርሐ ቤቴ ወረዳ ርእሰ ከተማ ዓለም ከተማ ከባሕር ጠለል ወደ 2,280 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የማታ ብርዷንና ነፋሷን ለሚያውቅ ሰው፣ በዚያ አገር በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ከሙቀት ብዛት የተነሣ በድንገት ይጠፋል ብለው ቢነግሩት፣ ይህ የቆላ ሰው ችግር እንጂ የደጋ ሰው ችግር አይደለም ይላል። አሳቡ ግን የነገሩን እኩሌታ ብቻ የያዘ ነው።

ፕሮሰሰር የሚባለው፣ የኮምፒውተሩ ስሌት ሁሉ የሚከናወንበት፣ ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የሲሊከን ገጽ፣ በብዙዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች 65 ዋት ገደማ ኃይል እየተቀበለ የተቀበለውን ከሞላ ጎደል ሁሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ያንን ሙቀት በላዩ የተጫነው ባለ ክንፍ ብረት፣ ሂትሲንኩ፣ ይቀበላል፤ ከብረቱ ደግሞ ፋኑ የሚነዳው አየር ተሸክሞት ይወጣል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥጋችን ተገኘባቸው ከሚሏቸው ከአራቱ ባሕርያት መካከል እሳትና ነፋስ በዚህ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሲገናኙ፣ እሳቱ በልክ የሚኖረው የነፋሱ መንገድ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ነው።

አየር ሙቀትን የሚሸከመው ደግሞ በክብደቱ መጠን ነውና፣ በዓለም ከተማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት በከፊል ይክሳል፤ ነገር ግን መስኮቱ በተዘጋ ክፍል፣ ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ለጌጥ ተብሎ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ኮምፒውተር ያን ቅዝቃዜ አያገኘውም። በዚያ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ሥራቸውን ማዝገም የሚጀምሩት ደግሞ በ95 እና በ100 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እያዘገመ ያለ ፕሮሰሰር በአገሩ ከሚፈላው ውሃ ይልቅ የጋለ ነው።

ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የመብራት መቆራረጥን ነው። አምፖሉ እየበራ ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋ፣ ጥቂት አርፎ ሲነሣም ደኅና ሠርቶ ከባድ ሥራ ሲሰጡት መልሶ ከጠፋ፣ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ፣ ወደ ባዮስ፣ ገብቶ የሙቀቱን ቁጥር ማንበብ ነው፤ ቁጥሩ 40 ወይም 50 ላይ ረግቶ ከቆየ ደኅና ነው፤ 80ን አልፎ ከወጣ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ፋኑ ቆሟል፣ ወይ አቧራ የነፋሱን መንገድ ዘግቶታል፣ ወይ ብረቱ ፕሮሰሰሩን በሚገባ አልነካውም። ቁጥሩ ሳይወጣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ግን ኃይል የሚያድለው ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ይመርመር።

ብረቱ አለመንካቱ በተለይ ለዚህ አገር ሰው የሚነገር ነው። ከአዲስ አበባ ተገዝቶ፣ በሙከ ጡሪና በለሚ አልፎ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ዳገቱን ወጥቶ በመኪና የሚመጣ ዴስክቶፕ ብዙ ይንገጫገጫል፤ ሂትሲንኩን በብዙዎቹ የኢንቴል ኮምፒውተሮች የሚይዙት አራት የፕላስቲክ መቀርቀሪያዎች ስለሆኑ፣ ከአራቱ አንዱ ቢላቀቅ ብረቱ በአንድ ማዕዘን ይነሣል፣ አዲሱም ኮምፒውተር ገና በመጀመሪያው ቀን ይግላል። ስለዚህ ከመንገድ የገባ ኮምፒውተር ከመብራቱ ጋር ሳይገናኝ ክዳኑ ተከፍቶ እነዚህ መቀርቀሪያዎች በጣት ቢፈተሹ መልካም ነው።

ለከረመ ኮምፒውተር ግን ዋናው ጠላት አቧራ ነው። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በሚዘልቀው ዘመነ ሐጋይ የመንገዱ ትቢያና የአውድማው እብቅ በነፋስ እየተነሣ ከቤት ይገባል፤ ፋኑም ሳያቋርጥ እየሳበ በብረቱ ክንፎች መካከል ይጠቀጥቀዋል። ሲጸዳ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፤ በብሎወር ሲነፋ ፋኑ በኃይል ተሽከርክሮ እንዳይጎዳ በጣት ይያዝ፤ ውሃ አይነካው። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ፔስቱ፣ ከዓመታት በኋላ ደርቆ ቅርፊት ከሆነ፣ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ይደረግበት። በፔስት ፈንታ የጥርስ ሳሙና መቀባት፣ አንዳንዶች የሚሞክሩት ቢሆንም፣ ውሃው ሲተን ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ፈጽሞ የማይመከር ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በአንድ ቡሩሽና በጥቂት ፔስት የሚድን ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል ተብሎ የቤተ ሰቡ ገንዘብ ለሌላ መግዣ መውጣቱ ነው። እንግዲህ አድማጮቼ፣ ኮምፒውተራችሁን ወደ ጥገና ቤት በወሰዳችሁ ጊዜ፣ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከመስማማታችሁ አስቀድሞ፣ ጠጋኙ የባዮሱን የሙቀት ቁጥር ከጽዳቱ በፊትና ከጽዳቱ በኋላ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።