የመሰብሰቢያ ቤት ስጦታ፦ ከኮሪያውያን ስደተኞች ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ርእስ ልግስና ነው። ስለ ልግስና መናገር በአገራችን ቀላል ይመስላል፤ የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ፣ ለመንገደኛ ማደሪያ መስጠት ከልጅነታችን ጀምሮ በእናት አባቶቻችን ቤት እያየን ያደግንበት ነውና። ነገር ግን በሙያችን ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ከቀዬው ተነቅሎ በሰው አገር የሰፈረ ማኅበረሰብ መጥቶ፣ «እንጀራችንንስ ለፍተን እናገኛለን፤ የምንሰበሰብበት ቤት ግን የለንምና እርዱን» ቢለን ምን እንመልሳለን? ብዙዎቻችን፣ «ቤቱ ይቆየን፤ አስቀድሞ የታመመውና የተቸገረው ይረዳ» እንላለን። ይህ መልስ ቅንነት አይጎድለውም። ሆኖም የመሰብሰቢያ ቤትን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር በመሆኑ ስሕተት አለበት ብዬ አምናለሁ። ቤቱን ለማሠራት የሚሰጠውም ገንዘብ እንዴትና በምን ውል እንደሚሰጥ ካልታሰበበት፣ ከመከልከል የባሰ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህን ለማስረዳት ወደ አሜሪካ የተሰደዱትን የኮሪያውያን ታሪክ መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሪያውያን ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ከወረደ በኋላ፣ በተከታታይ የተላኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ምድር ዘምተዋል። የዛሬው ታሪኬ ግን ከዚያ ጦርነት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይቀድማል።

ጃንዋሪ 13 ቀን 1903 ጌሊክ የምትባል መርከብ 102 ኮሪያውያንን ይዛ ሆኖሉሉ ወደብ ደረሰች። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዛሬ ኢንቾን ከምትባለው የወደብ ከተማ የመጡ የአንዲት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ጉዞው እስከ ተቋረጠበት እስከ 1905 ድረስ ከ7,000 የሚበልጡ ሰዎች ተከትለዋቸው መጥተው በሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ተሰማሩ። በቀን 10 ሰዓት እየሠሩ በወር የሚያገኙት 16 ዶላር ገደማ ነበር። አሠሪው ሠራተኛውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በብረት ምልክት ላይ በተቀረጸ ቁጥር ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በሰፈሩ ሰዎች መካከል እንደገና በስሙ የሚጠራበት ስፍራ መፈለጉ ቅንጦት ሊባል ይችላልን?

ኮሪያውያኑ ቤተሰቦች በተሰባሰቡበት የእርሻ ሰፈር ሁሉ የመንደር ሸንጎ አቋቁመው፣ ጠብ የሚያበርድና ሥርዓት የሚያስከብር አለቃ ከመካከላቸው መረጡ። ከዚያም የጸሎት ቤትና የልጆች ትምህርት ቤት ፈለጉ። በዚህ ጊዜ አሠሪዎቹ የእርሻ ባለቤቶች እጃቸውን ዘርግተው ለአብያተ ክርስቲያናት ቦታና ገንዘብ ሰጡ። ስጦታው እውነተኛ ጥቅም እንዳስገኘ መካድ አይገባም። ነገር ግን ሰጪዎቹ ሠራተኛው ከሰፈሩ እንዳይርቅና በጸጥታ እንዲሠራ ይፈልጉ ነበርና፣ ስጦታው የራሳቸውንም ጉዳይ የሚያስፈጽም ነበር። በመሬታቸው ላይ በገንዘባቸው የቆመ ቤት ውስጥ ስለ ደመወዝ ማነስ በነጻነት መነጋገር እንደማይቻል ለማንም ግልጽ ነው።

ተመሳሳይ ችግር ከሚስዮናውያን ጋርም ደረሰ። የሜቶዲስት ሚስዮን በሆኖሉሉ ለኮሪያውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በ1913 ወደ ሃዋይ የመጣውና ኋላ የደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሲንግማን ሪ ትምህርት ቤቱን ሲመራ ከቆየ በኋላ፣ በአስተዳደሩና በገንዘቡ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው በሚለው ጥያቄ ከሚስዮኑ ተለየ። በ1918 እርሱና ተከታዮቹ የኮሪያውያን ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያንን አቋቋሙ፤ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ከባዕድ እጅ ከሚመጣ ሰፊ ቤት ይልቅ በራስ መዋጮ የቆመ ጠባብ ቤት ተመረጠ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ስጦታ ዋጋ እንዳለው ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው በ1913 በካሊፎርኒያ በሄሜት ከተማ የደረሰው ነገር ነው። ፍራፍሬ ለመልቀም የመጡ ጥቂት ኮሪያውያንን የከተማው ሰዎች ጃፓናውያን መስለዋቸው ከባቡር ጣቢያው አስፈራርተው መለሷቸው። ጃፓን በ1910 ኮሪያን ጠቅልላ ስለ ያዘች፣ የጃፓን ቆንስላ «እነዚህ ዜጎቻችን ናቸው፤ ጉዳያቸውን እኔ ልከታተልላቸው» ብሎ እርዳታ አቀረበ። ሠራተኞቹ ድኾች ነበሩ፤ ጠበቃም መንግሥትም አልነበራቸውም። ነገር ግን ይህን እርዳታ መቀበል የጃፓን ተገዢነትን መቀበል ነበርና አንፈልግም አሉ። በ1909 የተመሠረተው የኮሪያውያን ብሔራዊ ማኅበር ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ቴሌግራም ልኮ፣ ኮሪያውያኑ ከአገራቸው የወጡት ጃፓን ከመያዟ በፊት መሆኑንና የጃፓን ቆንስላ ሊወክላቸው እንደማይገባ አስታወቀ። ሚኒስትሩም በአሜሪካ የሚኖሩ ኮሪያውያንን የሚመለከት ጉዳይ ከማኅበሩ ጋር እንዲፈጸም አሉ። አገር የሌለው ሕዝብ፣ በቀን ሠራተኞች መዋጮ የሚተዳደር አንድ ማኅበር ስለ ነበረው ብቻ፣ ስለ ራሱ የሚናገር አንደበት አገኘ።

ነገር ግን ታሪኩን በውዳሴ ብቻ ብጨርሰው እናንተን ማታለል ይሆንብኛል። በ1915 በሃዋይ የሚገኘው የማኅበሩ ቅርንጫፍ በሆኖሉሉ ባሠራው ቤት የግንባታ ሒሳብ ላይ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ በሲንግማን ሪ ደጋፊዎችና በፓክ ዮንግማን ደጋፊዎች መካከል ወደ ጠብ ተለወጠ፤ ማኅበረሰቡም ለብዙ ዓመታት ለሁለት ተከፈለ። በእርግጥ ከሒሳቡ በስተጀርባ ስለ አገር ነጻነት ትግል ስልት ትልቅ የሐሳብ ልዩነት ነበረ። ሆኖም እሳቱ የተለኮሰው በአዳራሹ ገንዘብ ነው። ሕዝብን አንድ ሊያደርግ የታሰበ ቤት፣ መዝገቡ ለሁሉ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ወይም ግልጽ አይደለም ተብሎ ሲጠረጠር፣ ሕዝብን የሚለያይ ግድግዳ ይሆናል። ይህ በእኛም ዕድሮችና ማኅበሮች ዘንድ የማይታወቅ ነገር አይደለም።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንሻገር። የማኅበሩ ዋና ጽሕፈት ቤት ከሳን ፍራንሲስኮ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1938 በጄፈርሰን ጎዳና ላይ የራሱን ቤት አስመረቀ። በዚያን ጊዜ ከሃዋይ በስተቀር በመላው አሜሪካ የሚኖሩት ኮሪያውያን ከ2,000 አይበልጡም ነበር። አብዛኞቹ የእርሻ ሠራተኞች፣ የአትክልት ነጋዴዎችና ልብስ አጣቢዎች ሲሆኑ፣ ዓመቱ ደግሞ የኢኮኖሚ ድቀቱ ገና ያልተወገደበት ነው። ቤቱ ትልቅ አይደለም፤ ጌጥም የለውም። በከተማው አስተዳደር ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው በ1991 ነው። በ2003 ገደማ ሲታደስ ከጣሪያው ሥር ለብዙ ዓመታት የተረሱ የማኅበሩ ሰነዶች ተገኙ። ዛሬ ስለ እነዚያ ስደተኞች ኑሮና ትግል ከሚታወቀው ውስጥ ብዙው ከዚህ ዓይነት ሰነድ የተገኘ ነው። ቤቱ ለሰዎቹ ብቻ ሳይሆን ለትዝታቸውም መጠለያ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ቤት ላነጻጽር። የኮሪያ ንጉሣዊ መንግሥት በ1891 በዋሽንግተን ከተማ ለሌጋሲዮኑ የሚሆን ያማረ ሕንጻ በ25,000 ዶላር ገዝቶ ነበር። በ1910 አገሪቱ በጃፓን እጅ ስትወድቅ ሕንጻው በ5 ዶላር ስም ብቻ ለጃፓን መልእክተኛ ተላለፈ፤ ወዲያውም ተሸጠ። የኮሪያ መንግሥት መልሶ የገዛው ከ102 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በንጉሥ ግምጃ ቤት የተገዛው ቤት ንጉሡ ሥልጣኑን ሲያጣ አብሮ ጠፋ። በፍራፍሬ ለቃሚዎች መዋጮ የተሠራው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ልዩነቱን ያመጣው የግንቡ ጥንካሬ ሳይሆን የባለቤቶቹ ብዛት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

በ1965 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከተሻሻለ በኋላ ብዙ ኮሪያውያን ወደ ሎስ አንጀለስ ጎረፉ። አዲስ መጪዎቹ «ኬ» የሚሉትን የቁጠባ ዘዴ ይዘው መጡ። አባላት በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበውን በየተራ አንዱ ይወስዳል። ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም፤ እቁብ ነው። ባንክ ያላመናቸው ሰዎች እርስ በርስ በመተማመን ሱቅ ከፈቱ።

ከዚያም ኤፕሪል 29 ቀን 1992 የተነሣው ሁከት ደረሰ። ወደ 2,300 የሚጠጉ የኮሪያውያን ሱቆች ተቃጠሉ ወይም ተዘረፉ፤ ጥፋቱም 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ብዙዎቹ የገቡበት ዋስትና ካሣ ሊከፍል የማይችል ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ቀናት ሕዝቡን ያገናኘው በኮሪያ ቋንቋ የሚሰማው ሬዲዮ ጣቢያ ነበር፤ ባለ ሱቆች በስልክ እየደወሉ እርዳታ የሚጠሩበትና ወሬ የሚለዋወጡበት አደባባይ ሆነ። ሜይ 2 ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በኮሪያውያን ሰፈር ሰላምንና ፍትሕን በመጠየቅ ሰልፍ ወጣ። ቀጥሎም የእርዳታ ገንዘብ መጣ፤ ከገንዘቡ ጋር ደግሞ ለማን፣ ስንት፣ በማን ውሳኔ ይከፋፈል የሚል ክርክር መጣ። ከጥፋቱ በፊት ሁሉ የሚያምነው መዝገብና ሸንጎ ያላዘጋጀ ማኅበረሰብ በጥፋት ቀን ሊያዘጋጅ እንደማይችል ይህ ያስተምረናል። የመሰብሰቢያ ቤት ጥቅሙም በዚህ ይታወቃል፤ እርዳታ ሲመጣ የሚያርፍበት የታመነ እጅ አስቀድሞ የሚሠለጥነው በእርሱ ውስጥ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚጠቅም ሦስት ነገር አገኛለሁ።

መጀመሪያ፣ ሰጪው ሁለተኛ ይሁን። ማኅበረሰቡ ራሱ ጥቂትም ቢሆን አዋጥቶ ሳይጀምር ከውጭ ሙሉውን የሚሰጥ ሰው ቤት ሠርቷል እንጂ ማኅበር አላጸናም። የመዋጮው ማነስ አያሳስበን፤ ከ16 ዶላር ደመወዝ የወጣች አንዲት ዶላር ሰጪዋን ባለቤት ታደርጋለች።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ሳይጠየቅ ስጦታ አይሰጥ። የቤቱ ሰነድ በማን ስም ነው? በውስጡ የማይነገር ነገር አለን? ሰጪው ሲቀየም ቤቱን ሊዘጋ ይችላልን? የሄሜት ሠራተኞች እርዳታውን የመለሱት በትዕቢት አልነበረም፤ በስጦታው ውስጥ የተሰወረውን ውል አንብበው እንጂ። ተረጂ «አይሆንም» ሲለን ከመቀየማችን በፊት ያነበበውን እኛም እናንብብ።

ሦስተኛ፣ ለጡብና ለቆርቆሮ ከምንሰጠው ውስጥ ለሒሳብ አያያዝም ድርሻ ይኑር። ገንዘብ ያዥ ማሠልጠን፣ መዝገብ መግዛት፣ በየዓመቱ ሒሳብን በጉባኤ ፊት ማስነበብ ፎቶግራፍ የሚነሣለት ስጦታ አይደለም። ቢሆንም በ1915 በሆኖሉሉ የጎደለው ይህ ነበር፤ ዋጋውንም ሁለት ትውልድ ከፍሎታል።

ይህን የምለው ስለ ኮሪያውያን ብቻ አይደለም። በዚያችው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከኮሪያውያኑ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚገኘው የወገኖቻችን የንግድ ሰፈር በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። በየአገሩ የተበተኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዕድር ያቋቁማሉ፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያሠራሉ፤ ለልጆቻቸው ፊደል የሚያስቆጥሩበት ክፍል ይከራያሉ። ነገ ደብዳቤያቸው ወደ እኛ ማኅበር ቢደርስ፣ «ቤቱ ይቆየን» ብለን አንመልስ። አስቀድመን፣ «እናንተ ምን ያህል ጀመራችሁ? ቁልፉን ማን ይይዛል? መዝገቡን ማን ያነባል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ቀና ከሆነ ያለንን ሰጥተን በእንግድነት በሩን አንኳኩተን እንግባ።