ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል ያለባት የእሳት እራት

የዛሬው ወጋችን ስለ አንዲት የእሳት እራት ነው። የእሳት እራት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ማታ ማታ አምፖል የምትዞረውን ትንሿን ነው። ይቺ ግን ክንፏን ስትዘረጋ እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ከጭንቅላቷ በስተኋላ፣ ጀርባዋ ላይ፣ ሁለት የዓይን ጉድጓድ ያለው የሰው ራስ ቅል የሚመስል ቢጫማ ምልክት አላት። በዚህ ምልክት የተነሳ በአውሮፓ የሞት መልእክተኛ ተብላ ለዘመናት ስትፈራና ስትገደል ኖራለች። እኔ ግን አካሏንና ኑሮዋን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ፍርሃቱ ወደ አድናቆት ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ወገኗ በሳይንስ አኬሮንቲያ ይባላል፤ በሥሩ ያሉት ዝርያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ስቲክስ እና ላኬሲስ የእስያ ናቸው። አትሮፖስ ግን የእኛው አህጉር ነች፤ በኢትዮጵያም ትገኛለች፣ እስከ አውሮፓም ትዘልቃለች። ካርል ሊኔየስ በ1758 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስም ሲያወጣላት፣ በግሪኮች ተረት የሰውን የዕድሜ ክር ትቆርጣለች ከተባለችው አምላክ ወሰደላት። እንግዲህ ፍርሃቱ መዝገብ ላይም ሰፈረ ማለት ነው።

አሁን ወደ አካሏ እንምጣ። የቅርብ ዘመዷ አግሪየስ ከገላዋ የሚረዝም ምላስ አላት፤ በእሱም ከጥልቅ አበባ ውስጥ ወለላ ትመጥጣለች። የአትሮፖስ ምላስ ግን አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ ሹል ነው። ለአበባ አይመችም፤ በሰም የታሸገ የማር እንጀራ ለመብሳት ግን እሱን የሚያህል የለም። አዎን፣ ይቺ ፍጥረት በሌሊት ቀፎ ገብታ ማር ትጠጣለች!

በሺህ የሚቆጠሩ ንቦች እንዴት ዝም ይሏታል? ንብ በጨለማ ቀፎ ውስጥ የቤቷን ልጅ ከባዕድ የምትለየው በጠረን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአትሮፖስ ገላ የተቀባቸው አንዳንድ የቅባት አሲዶች ከንብ ገላ ላይ ካሉት ጋር ይመሳሰላሉ። እሷ ቤተኛ የምትሸት እንግዳ ናት። ስትነካ ደግሞ ትጮኻለች። አየር ወደ ጉሮሮዋ ስትስብ እዚያ ያለች ቀጭን ሽፋን ትርገበገባለች፤ አየሩን መልሳ ስታስወጣ ስል ፉጨት ይከተላል።

ሕይወቷ የሚጀምረው ከቅጠል ነው። እንቁላሎቿን አንድ በአንድ፣ ለየብቻ፣ በድንች፣ በትምባሆ ወይም በአስተናግር ቅጠል ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፤ በመጨረሻም 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቢጫው በተለይ ያምራል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሰንበሮች በሰያፍ ወርደውበታል። ከኋላው ሻካራና ቆልማማ ቀንድ አለው፤ ማንንም ግን አይወጋም። ሲነኩት መንጋጋውን እያጋጨ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ሲጠግብ አፈር ቆፍሮ ይገባል፤ እዚያም ሙሽሬ ይሆናል። ከዚያ ነው ባለ ክንፏ የምትወጣው።

በረራዋም ያስደንቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች 14 እንዲህ ያሉ የእሳት እራቶች ላይ ጥቃቅን የሬዲዮ ማሰራጫ አስረው፣ ከጀርመን ወደ አልፕስ ተራሮች ሲበሩ በአነስተኛ አውሮፕላን ሌሊቱን ተከተሏቸው። አንዳንዶቹን እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ተከትለዋቸዋል። ነፋስ ሲገጥማቸውም አቅጣጫቸውን አልሳቱም።

ንብ አናቢ አድማጮቻችን፣ ማራችሁ እንደሚያሳስባችሁ አውቃለሁ። መፍትሔውን ራሳቸው ንቦች አሳይተዋል። ዓይነ ስውሩ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ፍራንስዋ ኡበር፣ ንቦቹ ይህችን እንግዳ ለመከልከል ደጃፋቸውን ሲያጠብቡ መዝግቧል። እናንተም የቀፎውን መግቢያ ጠበብ አድርጉት፤ ንብ ታልፋለች፣ ይቺ ግዙፍ አታልፍም። ድንች ማሳ ላይ ባለ ቀንዱን አባጨጓሬ ብታገኙም፣ ከመርገጣችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጥሩና አሳዩዋቸው። ሟርት አውርሰናቸው ከሚያድጉ፣ ማየትን ብናስተምራቸው ይሻላል።