«ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ውጭ አገር ለፒኤችዲ ማመልከት የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ ልምድሽን አካፍይ» ሲሉኝ ትንሽ አመነታሁ። የኔ ልምድ ግማሹ ስሕተት ነው። ቢሆንም ከስሕተቱ የተማርኩት ይበልጣልና እሱኑ ይዤ መጣሁ።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን የጻፍኩት ከዲዩቲ ወጥቼ ሳልተኛ፣ ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ደቂቃው በሳንቲም እየተቆጠረብኝ ነው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ለምርምር ከፍተኛ ፍላጎት ያለኝ ታታሪ ሐኪም ነኝ» ይላል። ስም ብቻ እየቀያየርኩ ለ40 ሰው ላክሁት። ለአንዱማ የሌላውን ስም ሳልቀይር ነው የላክሁለት! 39ኙ ዝም አሉ። አንዲት ፕሮፌሰር ግን በአንድ መስመር መለሱልኝ፦ «ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

ተናደድኩ። «ጥያቄዬማ ተቀበሉኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አልኩ ለራሴ። መልስም አልሰጠሁም።

ያን ጊዜ በሕፃናት ክፍል እሠራ ነበር። የጉሮሮ ሕመም መዘዙ ልባቸው ላይ አርፎ ቫልቫቸው የተበላሸባቸውን ልጆች እዚህ ያለን ሐኪሞች ሁሉ እናውቃቸዋለን። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ፔኒሲሊን ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል። መድኃኒቱ የቆየ ነው፣ ውድም አይደለም። ታዲያ ልጆቹ ለምን ያቋርጣሉ? በጋዎኔ ኪስ በምይዛት ትንሽ ደብተር በቀጠሮው የቀረውን ልጅ ምክንያት እጽፍ ነበር። አንዱ ፈተና ላይ ነበር። የአንዷ እናት የመኪና መሳፈሪያ አጥታ ነው። አንዱ «መርፌው ያማል፤ እኔ ደግሞ አሁን አላመመኝም» አለኝ። ይኼኛው ነገር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጁ እውነቱን ነው፤ ያልታመመን ልጅ ለዓመታት መርፌ የምናስወጋው በምን አሳምነን ነው?

ጥያቄዬ ያ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ጥያቄ መሆኑን አላወቅሁም።

ይህ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ምርምራቸው የተነሣው ከዚያ ወንዝ ዳር ነው። እንዶድን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው «ለምን?» አሉ።

ወደ ራሴ ልመለስ። በሁለተኛው ዙር 40 ሰው አልፈለግሁም። ስለ ልቡ ሕመም የወጡ ጽሑፎችን አንብቤ የደራሲዎቹን ስም ዘረዘርኩ። በሕክምና ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ስም የምርምር ቡድኑ መሪ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ለሦስት መሪዎች አንዳንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ከደብተሬ ያየሁት ይህን ነው፤ የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ እዚህ ላይ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ሲቪዬን አያይዣለሁ። ለተማሪዎቹም ለየብቻ ጻፍኩላቸው፦ «ረቂቅ ስትልኩላቸው በስንት ጊዜ ይመልሱላችኋል? ከእሳቸው ጋር የጀመሩ ሁሉ ጨርሰዋል?»

ይህን ሁለተኛውን እንዳትንቁት። ጀርመኖች አማካሪያቸውን «የዶክትሬት አባት»፣ ሴት ከሆኑ «የዶክትሬት እናት» ይላሉ። እኛ የነፍስ አባት ስንይዝ ጠይቀን፣ አጣርተን አይደለም እንዴ? ለዓመታት ሥራችሁን የምትሰጡትን ሰው በስሙ ትልቅነት ብቻ አትምረጡ።

የየአገሩንም ወግ እወቁ። በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪነት በአብዛኛው ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ማስታወቂያ ወጥቶ ይወዳደሩበታል። በጀርመን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀበል ፕሮፌሰር መገኘት አለበት። በአሜሪካ ግን በአብዛኛው የሚመለከተው ለፕሮግራሙ ነው፣ የሚወስነውም ኮሚቴ ነው፤ በብዙ የላቦራቶሪ ሳይንስ ክፍሎችም ተማሪው መጀመሪያ የተለያዩ ላቦራቶሪዎችን ዞሮ ያይና ከዚያ አማካሪውን ይመርጣል። የአሜሪካው ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ አደይ አበባ ሲፈነዳ ሥራውን ያልጀመረ ሰው ዘግይቷል።

ከሦስቱ አንዱ፣ ስዊድን ያሉ ሰው፣ በሁለት ሳምንት መለሱልኝ። «አሁን ገንዘብ የለኝም፤ ያቺን ደብተር ግን አብረን እንጻፋት» አሉኝ። ጻፍናት። ቦታው የተከፈተው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። መረጃዬን እዚህ እየሰበሰብኩ፣ ትንተናውን እዚያ እየሠራሁ፣ ልጆቼን እናቴ እያሳደገችልኝ ጨረስኩ።

እዚህ ጋ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ተመልሼ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም ሪኮመንዴሽን እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጎበዝ ናት፤ ጥያቄም ነበራት። «እሺ፣ ችግር የለም» አልኳት። ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ። ዲዩቲ ነበረብኝ፣ ስብሰባ ነበረብኝ፣ የፈተና ወረቀት ነበረብኝ። ቀኑ አለፈ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጠራት «ችግር የለውም ዶክተር» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። በዓመቱ ሌላ ቦታ ስታመለክት ደብዳቤውን ከሌላ መምህር ወሰደች። ልክ ነበረች።

ያኔ 39 ሰዎች ዝም ስላሉኝ ስንት ዓመት ሳማ ኖሬያለሁ። እነሱ አያውቁኝም ነበር። እኔ ግን ተማሪዬን አውቃት ነበር።

ስለዚህ ወጣቶቹን «ጥያቄያችሁን ከኪሳችሁ አውጡ» ካልኩ፣ እኛንም አንድ ነገር ልበለን። መምህራን፣ «ረቂቁን አንተው ጻፍና አምጣ፣ እፈርማለሁ» ማለቱ ይቅርብን፤ ተማሪው ስለ ራሱ ሊጽፈው የማይችለውን፣ እኛ አልጋ አጠገብ ያየነውን እንጻፍለት። የማንችል ከሆነ በዚያው ቀን «አልችልም» እንበል፤ ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል። ውጭ የምትኖሩ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ከዚህ ግቢ የሚመጣ ኢሜይል «ታታሪ ሐኪም ነኝ» ብሎ ቢጀምር አትሳቁበት፤ ሁላችንም የጀመርነው እንደዚያ ነው። ጊዜ ካጣችሁ አንድ መስመር ይበቃል። «ጥያቄህ ምንድን ነው? ጥያቄሽ ምንድን ነው?» በሉት፣ በሏት።

እኔን እዚህ ያደረሰችኝ ያቺ አንድ መስመር ናት። ለጻፉልኝ ሴትዮ ዘግይቼም ቢሆን መልስ ልኬላቸዋለሁ።