የፊደል ገበታና የኮምፒዩተር ማኅደር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም ኮምፒዩተር መረጃን እንዴት እንደሚያከማች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ይህን ለአንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ለማስረዳት የሞከረ ቢኖር የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። እኛ ባለሙያዎች ቢት፣ ባይት፣ ጊጋባይት እያልን ስሞችን እንደረድራለን። ልጁም ስሞቹን በቃሉ ያጠናል፤ ለፈተናም ይጽፋቸዋል፤ ነገሩ ግን አይገባውም። ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የመሣሪያው አሠራር ያልገባው ልጅ መሣሪያውን እንደ ተአምር ይቆጥረዋል። ተአምርን ደግሞ ሰው ያደንቀዋል እንጂ ሊጠግነውም ሆነ ሊያሻሽለው አይነሣም።

በበኩሌ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ በእጃችን ያለው የፊደል ገበታ ነው እላለሁ። አንድ እፍኝ ጠጠር ቢጨመርበት ይበቃል። ኤሌክትሪክ ያልገባበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ትምህርቱን ሊሰጥ ይችላል።

ትምህርቱ በጠጠር ይጀመር። ልጆቹ እንደ ገበጣ መጫወቻ ስምንት ጉድጓዶች በአንድ ረድፍ ይቆፍሩ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ወይ አንድ ጠጠር ይኖራል፣ ወይ ምንም አይኖርም። አንዱ ጉድጓድ ቢት ነው፤ ስምንቱ በአንድነት ባይት ይባላሉ። በስተቀኝ ጫፍ ያለው ጉድጓድ ዋጋው 1 ነው፤ ወደ ግራ በሄድን ቁጥር ዋጋው እጥፍ እየሆነ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 ይደርሳል። ሁሉም ባዶ ሲሆኑ 0፣ ሁሉም ሲሞሉ 255 ይሆናል። ስለዚህ በስምንት ጉድጓዶች 256 የተለያዩ ነገሮችን ለይቶ ማመልከት ይቻላል። 11ን መጻፍ የፈለገ ልጅ በ8፣ በ2 እና በ1 ጉድጓድ ጠጠር ያኖራል። ጠጠር ላለበት 1፣ ለሌለበት 0 ብለን ብንጽፈው 00001011 ይሆናል።

ልጁ ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ቁጥሩስ ይሁን፤ ስሜ እንዴት ይቀመጣል?» የፊደል ገበታው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስፍራ እንስጥ፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ»ና «ሟ» ላሉት ዲቃላ ፊደላት ይሁን። ቆጠራውን ከ0 ብንጀምር «ሀ» 0፣ «ለ» 8፣ «ሐ» 16፣ «መ» 24 ይሆናሉ። «ላ» ከ«ለ» ሦስት ስፍራ ስለሚርቅ 11 ነው፤ «ም» ደግሞ ከ«መ» አምስት ስፍራ ስለሚርቅ 29 ነው። እንግዲህ «ላም» የሚለው ቃል 00001011 እና 00011101 ተብሎ በጠጠር ተጻፈ ማለት ነው።

አሁን ልጆቹ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኀዞች ነጥለው ይመልከቱ። በ«ላ» 011፣ ማለትም 3 ነው፤ ግዕዙን 0 ብለን ስንቆጥር 3 ራብዕ ነው። በ«ም» 101፣ ማለትም 5፣ ሳድስ ነው። ከፊት የቀሩት አኀዞች ደግሞ ቤቱን ያመለክታሉ፤ 00001 የ«ለ»ን፣ 00011 የ«መ»ን ቤት። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ በጣቱ እየጠቆመ ያነበበው ገበታ፣ ረድፍና ዐምድ ያለው የአድራሻ ሰንጠረዥ መሆኑን በዚህ ይረዳል።

ይህ ለትምህርት ሲባል ብቻ የተፈጠረ ጨዋታ አይደለም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ የተከተለው ይህንኑ አደራደር ነው። ልዩነቱ በመዝገቡ «ሀ» ከ4608 መጀመሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ላ» 4619፣ «ም» 4637 ናቸው። ቁጥሮቹ ከ255 ስለሚበልጡ አንድ ባይት አይበቃቸውም፤ ዛሬ በተለመደው የአጻጻፍ ስልት እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ጠጠሩ በመሣሪያው ውስጥ የት አለ?» የሚል ነው። መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። በማግኔት ዲስክ ላይ ጠጠሩ የአንዲት ጥቃቅን ስፍራ የማግኔት አቅጣጫ ነው። በፍላሽ ማኅደር ውስጥ በማያስተላልፍ ግድግዳ የታጠሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ኃይል ቢቋረጥም ታጥረው ይቆያሉ። በሥራ ማኅደሩ ውስጥ ግን እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው፤ ይህ ሙሌት ቶሎ ስለሚያልቅ መሣሪያው በየሴኮንዱ ደጋግሞ ያድሰዋል። መብራት ሲጠፋ የሚያድሰው ስለሌለ ሁሉም ይጠፋል። ለልጆች የሥራ ማኅደሩ ጥቁር ሰሌዳ፣ ዲስኩና ፍላሹ ደብተር ናቸው ብንላቸው አይሳሳቱም። ጽሑፉን ሳያስቀምጥ መብራት የጠፋበት ልጅ ለምን ሥራውን እንዳጣ የሚገባው በዚህ ምሳሌ ነው።

የብዛቱን ነገር በስሌት እናሳይ። አይ.ቢ.ኤም. በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማኅደር 50 ዲስኮች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ነበር። ዛሬ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ባለ16 ጊጋባይት ካርድ 16 ቢሊዮን ባይት ትይዛለች። ይህን ለ3 ብናካፍለው ከ5 ቢሊዮን በላይ የአማርኛ ፊደላት ይሆናል፤ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ስሌቱን ልጆቹ ራሳቸው በሰሌዳው ላይ ሊሠሩት ይችላሉ።

ስለ ስሕተትም እናስተምር። ዘጠነኛ ጉድጓድ ይጨመርና የጠጠሮቹ ድምር ሁልጊዜ ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈል እንዲሆን ይደረግ። «ላ» ሦስት ጠጠር ስላለው ዘጠነኛው ጉድጓድ አንድ ይጨመርበታል። አንዱ ልጅ ፊቱን አዙሮ ሳለ ሌላው አንድ ጠጠር ቢያነሣ፣ የመጀመሪያው ቆጥሮ ጉድለቱን ያውቃል። ሁለት ቢነሡ ግን አያውቅም። ይህን ድክመት መምህሩ አስቀድሞ አይንገራቸው፤ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጆች እንዲጨብጡት የምፈልገው አንድ ቁም ነገር አለ። ጠጠሩ በራሱ ፊደል አይደለም። 11 ቁጥር «ላ» የሚሆነው ጸሐፊውና አንባቢው በአንድ ገበታ ሲስማሙ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ከመመዝገቡ በፊት የተለያዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን ከተጻፉት መካከል ዲስኩ ደኅና ሆኖ፣ ጠጠሮቹም በየቦታቸው ሳሉ፣ ገበታው በመጥፋቱ የማይነበብ ሰነድ ሊኖር ይችላል። ማከማቸት ማለት ዕቃውን ከብልሽት መጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ነገ መዝገብ ቤቶቻችንንና የሆስፒታል ማኅደሮቻችንን የሚረከቡት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ይህን ትምህርት ለመምህራን የሚያስረዳ አጭር መጽሔት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ያዘጋጅ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ቀን በአቅራቢያው ወደሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ ከመምህሩ ጋር ያስተምር። ወጪው ጥቂት፣ ዕቃውም ጠጠርና የፊደል ገበታ ነው።