ውሃው ከሄደ በኋላ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ጎርፍ ልነግራችሁ ነው። ነገር ግን ጎርፉ ስለ መጣበት ሰዓት ሳይሆን፣ ከሄደ በኋላ ስለሚጠብቀው ሥራ ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በታምፓ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሕዝብ የጀልባ መማሪያ ቤቶች አሉ። የራሱ ጀልባ የሌለው ልጅ በእነዚህ ቤቶች በሸራ የሚሄድ ጀልባ መንዳት ይማራል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀችው ኦፕቲሚስት የተባለችው ትንሽ የልጆች ጀልባም፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ በተባለ ጀልባ ሠሪ በዚሁ ጠረፍ የተሠራች ናት።

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለት በእኛ አገር ደመራ በሚበራበት ዕለት፣ ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በዚያ ባሕር ላይ አለፈ። ነፋሱ ወደ ምድር የገባው ከታምፓ ርቆ በስተ ሰሜን ቢሆንም፣ ባሕሩን እየገፋ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አደረገው። የጀልባ ቤት ደግሞ ከባሕር ሊርቅ አይችልም፤ ቢርቅ የጀልባ ቤት መሆኑ ይቀራል።

ውሃው ሲመለስ ጉዳቱ ያበቃ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቀረው ጨው ብረቱን ያዝገዋል፤ ሸራውንና ገመዱንም ያደርቀዋል። ሻጋታ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ጨው ውሃ የገባበት ሞተር ሳይታጠብ ከዋለ ካደረ ዋጋ አይኖረውም።

ስለዚህ ሥራው በተራ ይሠራል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ መቋረጡ ይረጋገጣል። በጭቃው ውስጥ ምስማር፣ ቤንዚንና የቆሻሻ ውሃ ስለሚኖር፣ ቦት ጫማና ጓንት ያላደረገ ሰው አይገባም። ከዚያ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ በአካፋ ይዛቃል። ጀልባው፣ ሸራው፣ ገመዱና ሞተሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ፤ ውሃ የጠጣው ግድግዳ ተቈርጦ ይወጣል፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል። የሚታጠበው፣ የሚጠገነውና የሚጣለው ለየብቻ ይከመራል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዘበኛና በአንድ መምህር እጅ በሁለት ቀን ሊያልቅ አይችልም። ከሻጋታ ቀድሞ የሚደርስ የብዙ ሰው እጅ ብቻ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ደግሞም የዚያ አገር ሰዎች ጊዜ አላገኙም። በ13ኛው ቀን፣ መስከረም 29፣ ሚልተን የተባለ ሌላ ዐውሎ ነፋስ መጣ። በየመንገዱ የተከመረው ፍርስራሽ ነፋሱ አንሥቶ ሰው እንዳይመታበት በጥድፊያ መነሣት ነበረበት። በሴንት ፒተርስበርግ ከተማም ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጸዳው እንደ ገና መጸዳት ነበረበት።

ውድ ጓደኞቼ፤ የሁሉ የሆነ ቤት ብዙ ጊዜ የማንም እንዳልሆነ ይቈጠራል። «መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዝ» እንላለን። እኛ ባሕር ባይኖረንም ትምህርት ቤት አለን፤ ወንበሩም፣ መጽሐፉም፣ ግቢውም የጋራችን ነው። በበዓል ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን መዘመር ቀላል ነው። ጭቃ በገባበት ቀን እጅጌውን የሚሰበስብ ተማሪ ግን፣ ቤቱ የእኔ ነው ለማለት መብት አለው።