ባዶ ቦታን በወር መለካት
(ስለ ዳታቤዝ ማከማቻ ቦታዎች አስተዳደር በጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ከሙያችን ዘርፎች ሁሉ እምብዛም ምስጋና የማያስገኘውን ይመለከታል፤ ይኸውም የዳታቤዝ ማከማቻ ቦታዎች አስተዳደር ነው። ሥራው በሚገባ ሲከናወን ማንም አያስተውለውም። ሲጓደል ግን የሚታጣው የማሽን ምቾት ብቻ አይደለም፤ መጻፍ የነበረበት መዝገብ ሳይጻፍ ይቀራል።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ዳታቤዝን ንድፈ ሐሳብ ባሳተመ ጊዜ ከዓላማዎቹ አንዱ ተጠቃሚውን፣ መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ከማወቅ ግዴታ ነጻ ማውጣት ነበር። ይህ ነጻነት ለተጠቃሚው ተሰጠ እንጂ ለአስተዳዳሪው አልተሰጠም። ሌላው እንዳያውቀው የተፈቀደለትን እርሱ የማወቅ ግዴታ አለበት።

በኦራክል ዳታቤዝ ሠንጠረዦችና ኢንዴክሶች የሚያድሩበት ክፍል ቴብልስፔስ ይባላል፤ እርሱም በዲስክ ላይ ከተቀመጡ ከአንድ ወይም ከብዙ ዳታ ፋይሎች የተሠራ ነው። ሠንጠረዥ ሲያድግ ቦታ የሚታደለው ለእያንዳንዱ ረድፍ በየራሱ ሳይሆን፣ ኤክስቴንት በሚባል ተከታታይ ብሎኮችን በያዘ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ብሎክ በተለመደው አሠራር 8 ኪሎባይት ይይዛል። ለሚቀጥለው ኤክስቴንት ቦታ ሲታጣ ሁላችንም የምናውቀው የስሕተት ቁጥር 01653 ይመጣል፤ የተጀመረውም የመጻፍ ትእዛዝ ይሻራል።

በቡና አገር ለምንሠራ ለእኛ ክፍሎቹን መለያየት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያስቸግርም። መጋዘን ጠባቂ ጀንፈሉን ከታጠበው ቡና ጋር በአንድ ክምር አያደባልቅም። እኛም የሥርዓቱን መዝገብ የያዘውን ሲስተም የተባለውን ቴብልስፔስ፣ ጊዜያዊውን፣ የመመለሻ መረጃ የሚያዝበትን አንዱን፣ የተጠቃሚዎችንም ሠንጠረዦች ለየብቻ እናኖራለን። ምክንያቱም ከአንድ ሰው የተሳሳተ ጥያቄ የተነሣ ጊዜያዊው ክፍል ቢሞላ፣ ጉዳቱ እዚያው ተወስኖ እንዲቀርና ሌላውን እንዳያንቅ ነው።

ከአጠገባችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጊልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ ሲሆን፣ በግድቡ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦችን በየዙሩ እየጎበኘ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። የዚህን ዓይነት ምዝገባ የሚይዝ ማንኛውም ዳታቤዝ ሁለት ጠባይ ያላቸው ሠንጠረዦች ይኖሩታል። የሰዎቹ ስም ዝርዝር የሚያድገው ሕዝቡ በሚያድግበት መጠን ነው፤ የጉብኝቱ መዝገብ ግን አዲስ ሰው ባይጨመር እንኳ በየዙሩ ይከማቻል። ሁለቱን በአንድ ግምት የሚያስተዳድር ሰው በሁለቱም ይሳሳታል። በምዝገባው ሳምንት ቦታ አልቆ ትእዛዙ ቢሻርና መዝጋቢው ሳያስተውል ቢያልፍ፣ የጎደለው አንድ ረድፍ አንድ ሕፃን ነው። ያ ሕፃን በዚያ ዙር አልተወለደም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥቤ እመጣለሁ። ኦራክል ቴብልስፔስ 85 በመቶ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ፣ 97 በመቶ ሲሞላ ደግሞ የአደጋ ምልክት እንዲሰጥ ሆኖ ይመጣል። ብዙዎቻችን ይህን ልክ ሳንነካው እንተዋለን። ነገር ግን መቶኛ ስለ ጊዜ የሚነግረን ነገር የለም። 200 ጊጋባይት የሚይዝ ቴብልስፔስ 85 በመቶ ሲሞላ የሚቀረው 30 ጊጋባይት ነው፤ በወር 5 ጊጋባይት የሚያድግ ከሆነ 6 ወር፣ 10 የሚያድግ ከሆነ 3 ወር ብቻ ተርፎታል። በሌላ በኩል 1,000 ጊጋባይት ያለው፣ በወር 5 የሚያድገው፣ በዚያው 85 በመቶ ላይ ሆኖ 30 ወር ይቆያል። ምልክቱ አንድ ነው፤ ጊዜው ግን የተራራቀ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ልዩነቱ ይብሳል። አዲስ ዲስክ በበጀት ተይዞ፣ ጨረታ ወጥቶበት፣ የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶለት፣ ጉምሩክ አልፎ ጅማ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስለሆነም ትክክለኛው መለኪያ፣ ቦታው እስኪያልቅ የቀረው ወር ግዥው ከሚወስደው ወር ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ነው። ለስሌቱም የዓመቱን አማካይ ሳይሆን ከፍተኛውን ወር መውሰድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በጅማም መጋዘን አለው፤ ቡና አስቀማጩ የሚያገኘው የመጋዘን ደረሰኝ በኮምፒዩተር የሚመዘገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ለቡና በሚበዛው በመኸር ወራትና በክረምት እኩል ያድጋል ብሎ የሚገምት የለም።

ፋይሉ ራሱ እንዲያድግ ከተፈቀደለት ሥጋቱ አይቀርም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይቀርም። በ8 ኪሎባይት ብሎክ የተሠራ አንድ ተራ ዳታ ፋይል፣ ያለ ገደብ እንዲያድግ ቢታዘዝ እንኳ፣ 32 ጊጋባይት ገደማ ሲደርስ ይቆማል። ሌላም የባሰ አለ። እንዲህ የሚያድግ ፋይል የሪዱ ሎግ ቅጂዎች ከሚከማቹበት ዲስክ ጋር አብሮ ቢኖርና ዲስኩን ቢሞላው፣ ቅጂው የሚጻፍበት ስለሚጠፋ ዳታቤዙ በሙሉ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ጣሪያ ይወሰንለት፤ ሁለቱም በየዲስካቸው ይቀመጡ።

የቆየ መረጃን መሰረዝም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የተሰረዘው ረድፍ የያዘው ቦታ ለዚያው ሠንጠረዥ ይቀራል እንጂ ወደ ቴብልስፔሱ አይመለስም፤ ለማስመለስ ሠንጠረዡን ማጥበብ ወይም እንደገና መገንባት ይጠይቃል። በፖስትግሬስም ነገሩ ይመሳሰላል፤ ሙሉው የቫኪዩም ትእዛዝ ቦታውን ለዲስኩ ይመልሳል፤ ሆኖም ሠንጠረዡን ቆልፎ አዲስ ቅጂ ስለሚሠራ ራሱ ተጨማሪ ቦታ ይሻል። ዲስኩ ጢም ካለ በኋላ ለመጠቀም የሚሞክር ሰው መድኃኒቱን የሚሠራበት ስፍራ ያጣል። ከዚህም በላይ በፖስትግሬስ ቴብልስፔስ የዲስክ ማውጫ ብቻ ስለሆነ የራሱ ጣሪያ የለውም፤ የሚጠበቀው ዲስኩ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን በየወሩ መጀመሪያ የየቴብልስፔሱን የተያዘና ባዶ ቦታ በአንድ መዝገብ እንጻፍ፤ ካለፈው ወር ጋር እናስተያየው፤ የቀረውን ወርም ከጎኑ እናስፍር። ያቺ አንዲት ዓምድ ለኃላፊዎቻችን ስናቀርባት ከስሕተት ቁጥር ይልቅ ትሰማለች፤ በጀት የሚመድበው ሰው ኤክስቴንት ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ አራት ወር ምን ያህል እንደሆነ ያውቃልና። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጭምር ነው።